ከዛፉ ቀዳዳ የመጣ መልስ

የመጨረሻዋ የዛፍ እንቁራሪት እንቁላል ቋጥራ ሆዷ ተነፍቷል። ተባዕት ካልተገኘላት እንቁላሏ ይመክናል፤ ከእሷ በኋላ ደግሞ ዘር የለም። ስለዚህ ተመራማሪዋ እርጥብ ቅጠል በጎዘጎዘችበት ሣጥን ይዛት ካልተመነጠረው ብቸኛ ተዳፋት ደረሰች። ጫካ ጠባቂው ሽማግሌ መሰላል ተሸክመው እያለከለኩ ይከተሏታል።

«ላግዝዎት ጋሼ?»

«የኔን ተይው፤ ሆዷ የከበዳትን እያት።»

ዝርያው የሚራባው ዝናብ በሚያቁር የዛፍ ቀዳዳ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚኖረው ያረጀ ዛፍ ነውና፣ ዛፉ ሲቆረጥ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ተመራማሪዋ ድምፅ ማጉያውን ከግንዱ ሥር አስቀምጣ የተባዕቱን ጥሪ ከፈተች፤ ተባዕት ባላንጣ የመጣበት ሲመስለው ይመልሳል። ጥሪውን የቀረጸው ሟቹ ባሏ ነው፣ ዛሬ የሻይ ተክል በሆነው ሸለቆ። በቅጂው መጨረሻ ላይ ባሏ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማ ነበር። ቤቱም ሲገባ እንዲሁ ነበር፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ በር አይከፍትም። የሰው ድምፅ እንቁራሪት ያስደነግጣል ብላ ያንን ራሷ ቆርጣ አውጥታዋለች።

ጭጋጉ ወረደ። ከላይ ከቀዳዳው መልስ መጣ፦ ጥሪ፣ እንደገና ጥሪ። ከዚያ የወንድ ጉሮሮ ተጠረገ።

ሽማግሌው ግንዱ ላይ ካስደገፉት መሰላል ፈቀቅ አሉ።

«ወፍ ናት» አሉ። «የሰማችውን የምትደግም ወፍ አለች።»

«ከየት ሰማችው? እዚህ አሰምቼው አላውቅም።»

«እንግዲያው እንዳትመልሺ! ማንነቱን ለማታውቂው አቤት አይባልም።»

መሰላሉን ወጣች። በባትሪ ብታበራ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። እጇን ብትሰድ ታቹ አልተገኘም። የሸሸ እንቁራሪት ካልፈለገ እንደማይወጣ ታውቃለች፤ በብብቷ የያዘችው ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሴቷ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

ከውሃው ውስጥ፣ ከፊቷ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ጉሮሮ ተጠረገ።

ክዳኑን ከፈተች።

«ግባ» አለች፣ ድሮ ከማዕድ ቤት ሆና እንደምትለው።

አረንጓዴ ተባዕት ከውሃው ወጣ። ክንዷን ረግጦ፣ ሳይቸኩል፣ ሣጥኑ ውስጥ ገባና ሴቷን ከጀርባዋ አቀፋት። ተመራማሪዋ የጉሮሮውን ከረጢት አየች፣ የጣቶቹን ጫፍ አየች። ከዝርያው ምልክት አንድም አልጎደለውም። እንቁራሪት ነው።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ሣጥኑን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችለት።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ከኋላ ቦታ አለ።»

ሽማግሌው መሰላሉን እንደ ጋሻ ከፊታቸው ይዘው ሣጥኑን አዩት።

«በእግሬ እመጣለሁ ልጄ» አሉ። «በባልና ሚስት መሃል አይገባም።»