ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት

ሱቄ ከነርሶች ኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው። ኮፒ አነሳለሁ። እዚህ ከተማ መጽሐፍ የሚገዛ ተማሪ ካለ እኔ አላውቀውም። መምህሩ ያለውን አሳጥረን እናትማለን፣ ተማሪው ይሸመድዳል፣ ከፈተና በኋላ ወረቀቱ የፉል ሳንድዊች ይጠቀለልበታል።

ዘንድሮ ዶክተር ኢናስ አዲስ ነገር አመጡ። አዳራሽ ሲገቡ "ደብተር ይዘጋ!" ይላሉ። ካለፈው ትምህርት አንድ ጥያቄ ይጥላሉ፤ ሁሉም ከጭንቅላቱ አውጥቶ ይጽፋል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ማርክ የለውም። ዓይን አፋሩም ከገጠር የመጣውም ከሌላው እኩል የሚማረው እንዲህ ነው ተብለው ዶክተሯ ሠልጥነዋል።

"ማርክ ከሌለው ለምን ያደክሙናል?" እያሉ ተማሪዎቹ እኔ ዘንድ ያማርራሉ። አዘንኩላቸው። ዶክተሯ ሊጠይቁ የሚችሉትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ማተም ጀመርኩ።

መልሱን የምትጽፍልኝ ሹሩቅ ናት። የዶክተሯን ትምህርት ሁለቴ ወድቃለች፤ አሁንም ከወደቀች ትባረራለች። አዳራሽ ውስጥ ትንፍሽ አትልም። እኔ ሱቅ ግን "ቆይ አጎቴ፣ ተሳሳትኩ!" እያለች ትሰርዛለች፣ ከራሷ ጋር ትጨቃጨቃለች።

አንድ ቀን ዶክተሯ መጥተው ወንበሬ ላይ ዘፍ አሉ።

"ሐጅ ሻከር፣ አዳራሹ በሙሉ አንድ ዓይነት ስህተት ጻፈልኝ። ከእርስዎ ነው?"

"የኅትመቱ ጥራት እንዴት ነው?"

"ቆንጆ ነው። መልሱን ማን ይጽፈዋል?"

"ሹሩቅ።"

"ያቺ ዝምተኛዋ? ከደብተሯ ነው?"

"ደብተሯን ተውሰው መቼ ይመልሱላታል! ከጭንቅላቷ ነው። ማታ አጣርታ ታርማለች፤ ወረቀቱ ግን ቀድሞ ይሸጣል።"

ዶክተሯ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሦስት መቶ ተማሪ አለኝ፤ የምትማረው እሷ ብቻ ናት። ያውም እዚህ። ከነገ ጀምሮ ጥያቄውን ብቻ ያትሙ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዉ። እሷን ግን መልስ ከመጻፍ እንዳይከለክሏት።"

ፈተናው መጣ። ሹሩቅ አለፈች። ውጤቷን እኔ ሱቅ ቆማ አየችና ስልኳን ደጋግማ ከፈተችው፤ አላመነችም። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ለድጋሚ ፈተና ተመለሱ። ለገበያዬ ጥሩ ነው።

አንዱ የገዛውን ወረቀት ይዞ መጣ።

"አጎቴ፣ ማሽንህ ቀለም ጨርሷል። መልሱ አልወጣም።"

"እሱ ላይ አንተ ነህ የምትጽፈው" አለችው ሹሩቅ።

"ባዶ ወረቀት ነው እንዴ የምትሸጡት? ወይ ጉድ!"

ዶክተር ኢናስ ወንበሬ ላይ ነበሩ፤ ሻያቸው ቀዝቅዟል። ቀና ሳይሉ ሌላውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

"ና ተቀመጥ፣ ልጄ። ደብተር ይዘጋ።"