ከሥጋው የማይበላ ዕጣ ጣይ

ባየች ዕጣዋን በጡጫዋ ጨብጣ ከጓዳ ስትወጣ ለቀስተኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አባቷ፣ ልብስ ሰፊው አቶ አያና፣ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«አርባው እንኳ ሳይወጣ ውርስ ሊካፈሉ?» አለች አንዷ፣ የንፍሮውን ሰሃን ወደ ጎረቤቷ እየገፋች።

«ልጁ ምን ያድርግ? ፈቃዱ አልቆ ነገ ሂርና መግባት አለበት።»

ባየች ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከወንድሟ ከበላይነህ ጋር ስትከራከር ውላ ጉልበቷ አልቋል። ክርክሩ በአንድ የስፌት መኪና ነው። አባቷ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ኮቱን ቆልፋለት፣ ክንዱን ይዛ ገበያው በረንዳ ላይ ታስቀምጠውና መኪናውን የምትረግጠው እሷ ነበረች። ቤቱ የኪራይ ነው። መኪናው ከሄደ በምን ልትኖር ነው? በላይነህም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሚስቱ በእጇ እየሰፋች አምስት ልጅ ታሳድጋለች። ሸጠው ቢካፈሉ ደግሞ በግማሽ ዋጋ መኪና የሚሰጥ የለም።

«መኪናው ላንዳችን፤ በቅሎዋ ከነኮርቻዋ፣ አልጋው፣ ሣጥኑና ልብሱ ለሌላችን» ብሏት ነበር በላይነህ። «እኩል አይደለም?»

«እኩል ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«እንግዲያው ዕጣ እንጣል። አባባ ቢኖር ሌላ አይለንም።»

እውነቱን ነው። አያና በአሰበ ተፈሪ የሰፈሩ ቅርጫ አካፋይ ነበር። በሬው አንድ ምላስ ብቻ ስላለው ምላሱ ካረፈበት መደብ ላይ ሻኛውን ይቀንሳል፤ እንዲህ እያደረገ አሥር ቤት ያለ ቅሬታ ያሰናብታል። ዕጣውን የሚጥለው ግን ጎረቤቱ ሙሜ ነው። ሙሜ ሙስሊም ስለሆነ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ከሥጋው ስለማይደርሰው አያዳላም ተብሎ ተመረጠና ሃያ ዓመት ሙሉ፣ የትኛው ዕጣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ በየመደቡ ላይ ሲያኖር ኖረ።

በአንድ ፋሲካ ግን አወቀ። ባየች ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ታማ ተኝታለች፤ የቅልጥም መረቅ ያበረታታታል ተብሏል። ቅልጥም ያለው ከአሥሩ መደብ በአራቱ ላይ ብቻ ነው። አያና ዘወትር የሚሰጠው ዕጣ ክሩ ያለቀ የክር እንጨት ነበርና ሙሜ ለይቶ ቅልጥሙ ላይ አኖረለት። በኋላም ደስ ብሎት ነገረው። አያና ግን ሥጋውን ከድስቱ አውጥቶ ተሸክሞ መለሰ፣ ሰው ጠራ፣ ዕጣው እንደገና ተጣለ። ቅልጥሙ ለሌላ ቤት ደረሰ። ሙሜን አንድ ወር አኮረፈው። ከዚያ ወዲህ ወዳጁ እንዳያውቅበት አንዴ ከሰል፣ አንዴ ገለባ እያለ ዕጣውን ይለዋውጥ ጀመር።

እናቷ በሰኔ ሞተች። ቅልጥም እንደማያድናት ባየች ስታድግ ገብቷታል። አባቷንም ትወደው ነበር። ያን ከድስት የወጣ ሥጋ ግን ይቅር አላለችውም።

ዛሬ ጓዳ ገብታ ከአባቷ ኮት ላይ የላይኛውን ቁልፍ በመቀስ የቆረጠችው ለዚህ ነው። ከወታደር ካፖርት የተወሰደ የነሐስ ቁልፍ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ሙሜ «ጄኔራሉ መጣ!» እያለ ሲቀልድበት ኖሯል። በላይነህ አያውቀውም፤ ኮቱ ላይ የተሰፋው እሱ ሂርና ከገባ በኋላ ነው። ዛሬም ዕጣ የሚጥለው ሙሜ ግን ያውቀዋል። መኪናው ለማን እንጀራ እንደሆነም ያውቃል።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዓይናዲስ ከበላይነህ ጠጠር፣ ከባየች ቁልፉን በነጠላዋ ሸፍና ተቀበለችና ደጅ ለቆመው ለሙሜ አስረከበችው። ሙሜ ገባ። መኪናው በመስኮቱ በኩል፣ ኮርቻውና ሣጥኑ በግድግዳው በኩል፣ የታጠፈው ኮት ከላይ ሆኖ ተቀምጠዋል።

መዳፉን ከፈት አድርጎ አየ። አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ፤ ቀና ብሎም ባየችን አያት። ወደ መኪናው አንድ እርምጃ ተራመደ። አኑረው፣ አኑረው ብላ በሆዷ ለመነችው። ሙሜ ቆመ።

«ምነው አባ ሙሜ?» አለ በላይነህ። «ምን ይጠብቃሉ?»

«አይሆንም። ዓይኔ አይቷል። ሁለቱም ይቀየር።»

«ምኑን ነው ያዩት?»

«እኔን አትጠይቀኝ። ይቀየር አልኩ፣ ይቀየር!»

ጠጠሩን ለዓይናዲስ መለሰ። ወደ ባየች ሄዶ እንደሚያጽናና ሰው እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ቁልፉን መዳፏ ውስጥ አኖረው።

«ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ» አለ በሹክሹክታ። «ያኔ አባትሽ አንድ ወር አኮረፈኝ። ወር ሲሞላ ራሱ መጥቶ ታረቀኝ። አሁን ቢያኮርፈኝ ማን ያስታርቀናል?»

ባየች ተናደደችበት፤ ከንዴቷ ይልቅ ግን እፍረቷ በለጠ። ደጅ ወጥታ ስንጥር አነሳች። በላይነህም ሌላ ነገር ሰጠ። ሙሜ በዚህኛው ጊዜ መዳፉን ሳያይ፣ በዳበሳ ሁለቱን አኖረ።

ስንጥሯ ኮርቻው ላይ አረፈች።

«ባየች…» አለ በላይነህ። ደስታ ፊቱ ላይ አልነበረም።

«ደርሶሃል፣ ወንድም ጋሼ። ውሰደው።»

በማግስቱ ጠዋት መኪናው በጆንያ ተጠቅልሎ የሂርናው አውቶቡስ ጣራ ላይ ወጣ። ባየች ወንድሟን ሸኝታ ተመልሳ ከለቀስተኞቹ መሀል ተቀመጠችና መርፌዋ ላይ ክር ሰካች። ሙሜ ሳትጠይቀው ኮቱን ወጥሮ ያዘላት። ቁልፉን በእጇ ሰፍታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ከዚያም ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችው። በመጨረሻም ነሐሱን ቆለፈችውና ጠዋት ጠዋት እንደምታደርገው ኮሌታውን አስተካከለችለት።