«እንዳለ ለጥፈው»

ምነው ያን ሐሙስ እጄን በሰበረው! ስሜ ኢዮብ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ቀሚስ እሸጣለሁ። የሰፈራችን የንግግር ክበብ ማስታወቂያ ለጣፊም ነበርኩ። ሥራዬ ቀላል ነው። ፕሮግራም አውጪያችን አፍናን ቅዳሜ ማን እንደሚናገር ትወስናለች፣ ሐሙስ ዝርዝሩን ትልክልኛለች፣ እኔ የክበባችን የቴሌግራም ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ። በቃ። ይህችን እንኳ አልቻልኩም።

አፍናን አባቷ ሱቅ ቁጭ ብላ የሁላችንንም ጣጣ ታውቃለች። ማን ፈተና እንዳለበት፣ የማን እናት እንደታመመች አስባ ነው ቀን የምትሰጠው። ምክንያቱን ግን ለማንም ትንፍሽ አትልም። ሰው ጉዱን የሚነግራትም ለዚሁ ነው።

እኔን ያንገበገበኝ የሰምሀል ነገር ነበር። ሰምሀል ቁስቋም በኩል ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ልጅ ናት። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁላችንም የተሻለች ተናጋሪ ናት። ክበቡ ከገባች በስምንት ወር ውስጥ ስሟ አንድም ቀን አልወጣም። አፍናን ሁልጊዜ «እንግዳ ተናጋሪ» ብላ ነው የምትልከው። ዛሬ የማውቀውን ያኔ አላውቅም። ሰምሀል እገድልሻለሁ ከሚል ባል አምልጣ ነው እዚህ የመጣችው፤ ሰውየውም አገር ለአገር እየፈለጋት ነበር። ይህን የምታውቀው አፍናን ብቻ ናት፤ ላትናገርም ምላለች።

ያን ሐሙስ ዝርዝሩ ሲደርሰኝ ለአፍናን ደወልኩላት።

«ልጅቷ ስም የላትም እንዴ?»

«እንዳለ ለጥፈው፣ ኢዮብ።»

«ለምን?»

«ለምን አትበለኝ። በአላህ፣ እንዳለ ለጥፈው።»

ደሜ ፈላ። እኔ ደግሞ ምክንያት ሳይነገረኝ መታዘዝ ሞቴ ነው። የሰምሀልን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ። ልምምድ ላይ ያነሳኋትን ፎቶ፣ አዳራሹን፣ ሰዓቱን ጨመርኩበት። ቻናሉ ለማንም ክፍት ነው። የሰምሀል ስልክ ባለቁልፍ ነው፣ ቴሌግራም የለውም። አፍናን የላከችውን ተመልሳ አታይም፤ ታምነኝ ነበራ!

ቅዳሜ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ ወንበር ስደረድር አንድ ሰው ገባ። ንጹሕ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«ሰምሀል ስንተኛ ናት?»

«ሦስተኛ! ያውቋታል እንዴ?»

«በደንብ። ማስታወቂያውን አይቼ ነው የመጣሁት። እንዳትነግራት፣ ድንገት ትየኝ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! «የለጠፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ በገዛ እጄ ከፊት አስቀመጥኩት። ስልኩን አላወጣም፣ ከማንም አላወራም፤ በሩን ብቻ ያያል። አዳራሹ ሲሞላ እንኳ ግራና ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ቀሩ። ማንም ምክንያት አልነበረውም፣ ግን ማንም እዚያ አልተቀመጠም።

አፍናን ስትገባ አየችው። ሰምሀል አንድ ቀን የባሏን ፎቶ አሳይታት ኖሯል። ፊቷ አመድ መሰለ። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ምንድን ነው የለጠፍከው?»

አሳየኋት። እዚያው በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረችኝ።

«ፖሊስ እንጥራ» አልኳት።

«ምን አደረገ ብለን? ተቀምጧል እኮ! ሰምሀል መንገድ ላይ ናት፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሄጄ እይዛታለሁ። ሁለተኛ ተናጋሪ አንተ ነህ። ተራዋን እየጠበቀ ይቀመጥ። መልእክት እስክልክልህ ከመድረክ አትውረድ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን አላልኳትም። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። ስለ ጥለት ለፈለፍኩ፣ ስለ ሸማ፣ ስለ አባቴ የሽመና ጉድጓድ። ደንቡ ሰባት ደቂቃ ነው። ቀይ ካርድ ወጣብኝ፤ አላቆምኩም። ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አጉረመረመ። እሱ አልሳቀም። ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን ማየት ጀመረ፤ ዓይኑንም አልነቀለም። ላቤ ወገቤ ድረስ ወረደ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «ታክሲ ውስጥ ነን» ይላል።

ለዚያ ቀን ተርፋለች። ቁስቋም ግን አትመለስም፤ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቤት፣ እንደገና ከዜሮ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ስወርድ ሰውየው ተነስቶ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«እንደማትመጣ ገብቶኛል፤ ዛሬ አልቀናኝም። ግድ የለም። እዚሁ ጉለሌ መሆኗን አወቅኩ፤ ፎቶዋንም አሳትሜዋለሁ፣ ለሰው እያሳየሁ እጠይቃለሁ።» ፈገግ አለ። «አንተ ባትለጥፈው ኖሮ የት አገኛት ነበር? እግዜር ይስጥልኝ።»

አፌ ልማዱ ነው፤ «አብሮ ይስጠን» አልኩት።