አልጋውን ማን አዞረው

...እና ለምን ትጠይቃለች፣ የሱ ሃይማኖት ምን ያደርግላታል፣ ደም ግፊቱን ለክታ አትሄድም? ረሂማ የአባቷን መድኃኒት ይዛ የሆስፒታሉን ደረጃ እየወጣች ይሄንኑ ታብሰለስላለች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያቺ ነርስ፣ ሲስተር ጽጌረዳ፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያሰረችው፣ አባቷ ጆሮ ላይ እንደተደፋች ነው፣ አባባ ጀላል፣ ለጸሎትዎ የሚያስፈልግዎት ነገር አለ? ብላ ፎርም ስትሞላ በዓይኗ አይታለች። ደህና ሰው እንዲህ ይጠየቃል? አይጠየቅም። ወይ ተስፋ ቆርጠውበታል፣ ወይ ደግሞ ሽማግሌውን በደከመበት ሰዓት ልትሸውደው ነው።

አባቷም አባቷን አልመስል ብሏል። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነው አለ ዶክተሩ፣ እሱ ግን ሾርባውን ይገፋል፣ አዛን ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሸጎሌ ባለው ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አስቁሞ የሚሰግድ ሰው ሦስት ቀን አልሰገደም። አባዬ ምን ሆንክ? ምንም። ለነርሷ ግን ያወራል፣ ረሂማ ስትገባ ዝም። ምንድነው ዝም የሚያሰኘው?

በሩን ትገፋለች። አልጋው ዞሯል።

ጠዋት ወደ በሩ የነበረው ግርጌ አሁን ወደ መስኮቱ ነው፣ ከመስኮቱ ባሻገር እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ፣ የቁስቋም ማርያም አቀበት። አባቷ በትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል፣ ጭኑ ላይ ብረት ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ድንጋይ። ድንጋይ! ያ ረቢ፣ ድግምት ነው?

ሲስተር፣ አባቴን ወደ ቤተክርስቲያን ያዞርሽው በማን ፈቃድ ነው? ድምጿ ሳታስበው ይወጣል፣ የሌላው አልጋ አስታማሚዎች ቀና ይላሉ። ጽጌረዳ የአልጋውን ጎማ እየቆለፈች ነው፣ እ... ማለቴ፣ እትዬ ረሂማ፣ ሲሰግዱ የሚዞሩበት ቂብላ በሰሜን ነው ብሎኝ እኮ ነው፣ ሀምዳን፣ ላብራቶሪ የሚሠራው፣ ድንጋዩንም ያመጣው እሱ ነው፣ የአባባ እጅ ላይ ግሉኮስ ስላለ፣ ከሶላት በፊት በውሃ ፋንታ በሱ ይታጠቡ አለኝ።

ሰሜን። ቤታቸው መስገጃው የሚነጠፈው ወዴት ነው? ወደ እንጦጦ። ዕድሜዋን ሙሉ ወደዚያ ተራራ ግንባሯን ስትደፋ ኖራ ዛሬ ቤተክርስቲያኑ ብቻ ታያት። ቢሆንም፣ አይ፣ ቢሆንም ለምን አልነገረችኝም፣ የሆነ ነገር አለ።

ልጄ ተያት፣ ይላል አባቷ፣ አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን ይነካል፣ ከሥሩ የሽንት ቱቦው ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ይሄን ነጃሳ ተሸክሜ አላህ ፊት እንዴት ልቅረብ ብዬ ነው፣ ላንቺስ እንዴት አድርጌ ላውራው፣ ሴት ልጄ ነሽ፣ እሷ የሚያስፈልግዎት አለ ወይ ስትለኝ አለቀስኩ፣ ሄዳ ኢማሙን አስጠየቀችልኝ፣ በሽተኛ ባለበት ሁኔታ ይሰግዳል አሉ።

ሦስት ቀን። ለሷ ያልነገረውን ለባዳ። ረሂማ የምትጠረጥረው ሰው ታጣለች፣ ከራሷ በቀር፣ መድኃኒት ገዝታለች፣ ውጤት አምጥታለች፣ ከዶክተር ተጨቃጭቃለች፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ አባዬ ለምን አልሰገድክም ብላዋለች? ፈርታ ነው፣ መልሱን ፈርታ።

አባቷ መዳፉን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፣ ፊቱን ያብሳል፣ እጆቹን ያብሳል፣ ከዚያ በጭንቅላቱ ብቻ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ። ጽጌረዳ ትውጣ አትውጣ ግራ ገብቷት አጠገቡ ተገትራለች። ሶላቱን ሊዘጋ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ፣ ረሂማ ላይ፣ ወደ ግራ ይዞራል፣ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ፣ ነርሷ ላይ፣ እሷም ደንግጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት? ረሂማ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፣ ሳቁ ያመልጣታል፣ ከሳቁ ጋር እንባው፣ አባቷም ስፌቱን በእጁ ደግፎ፣ ወላሂ አታስቁኝ፣ አታስቁኝ እንጂ...