ያልወረደችው ኳስ

በፒዬድራ ሶላ ከተማ፣ በሚያዝያ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሬሜዲዮስ ወደ ላይ የለጋቻት የመረብ ኳስ ሳትወርድ ቀረች። ከድንበሩ አጥር ጫፍ ትንሽ ከፍ ብላ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቃት። በኋላ አንገቱን ሲያመው ተቀመጠ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ይኼኛው ጉድ የተሰማው ግን ገና በሚያዝያ ነው፤ የዚያ ዓመት መስከረም ምን ቀረኝ ብሎ እንደጠባ እንጃለት።

ፒዬድራ ሶላ ከሜክሲኮ ሰሜን ጫፍ፣ ከሶኖራ በረሃ ዳር ያለች ከተማ ናት። ድሮ አንድ ነበረች። ኋላ ድንበሩ በመሃል መንገዷ ላይ ሲሰመር ዳቦ ቤቱ ለደቡብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለሰሜን ደረሰ። መጀመሪያ ሽቦ ተዘረጋ፤ ሽቦው ተነሥቶ ሁለት ፎቅ የሚያህል የብረት ምሰሶ ተደረደረ፤ በምሰሶና በምሰሶ መካከል የሰው እጅ ይሾልካል። በደቡቡ በኩል ፋርማሲና የጥርስ ሐኪም ከነዋሪው ይበዛል ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው። የሰሜን ሰዎች በርካሽ ጥርስ ሊያሠሩ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ወዲያ ማዶ የሚታየው ፈገግታ አብዛኛው ወዲህ ማዶ የተሠራ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ አለ። ከዚያ ወዲያ ቁልቋልና አቧራ ነው። ነፋሱ ጠዋት የሰሜኑን ፌስታል ለደቡብ ያደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ የደቡቡን ለሰሜን ይመልሳል።

በዓመት አንድ ቀን ሁለቱ ወገኖች አጥሩን መረብ አድርገው ይጫወታሉ። በሌላው ቀን በሰሜን በኩል አጥሩ ሥር መቆም ክልክል ነው፤ መንገዱ የጠባቂዎች ነው። በጨዋታው ቀን ግን የሁለቱ አገር አዛዦች በቃል የተስማሙበት ነገር አለ፦ የመጨረሻዋ ኳስ መሬት እስክትነካ ድረስ ማንም ሰው አጥሩ ድረስ ቢጠጋ አይባረርም። ለዚህ ነው ተጫዋቾቹ የማይቸኩሉት። አንዳንዱማ የጫማውን ክር እስኪያስር ድረስ ጢም ያበቅላል።

ሬሜዲዮስ በዚያ ፋብሪካ ሰፊ ናት። ታናሽ እህቷ ኦቲሊያ በወጣትነቷ ተሻግራ ወዲያ ማዶ ወልዳ ተቀምጣለች፤ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት ወደዚህ ከመጣች ወደ ልጆቿ አትመለስም። ሬሜዲዮስ ደግሞ ቪዛ ጠይቃ ተከልክላለች። እህትማማቾቹ የሚገናኙት እንግዲህ በጨዋታው ቀን ብቻ ነው፣ እጅ ለእጅ፣ በምሰሶ መካከል። ባለፈው ክረምት እናታቸው ስትሞት ኦቲሊያ አልቀበረችም። በዚህ ላይ፣ ከዘንድሮው ጨዋታ በኋላ የምሰሶው ክፍተት በላሜራ ይደፈናል ተባለ። ላሜራው መጥቶ ተቆልሏል። ሠራተኞቹ ላዩ ላይ ተቀምጠው ጨዋታውን ያዩ ነበር።

ነጥቡ እኩል ሆኖ የመጨረሻዋ ኳስ ሬሜዲዮስ እጅ ገባች። ወደ ማዶ ብትለጋት ያልቃል፤ ብትስታትም ያልቃል። በምሰሶው መካከል ለሰሜን የምትጫወተውን እህቷን አየቻት። ስለ እናታቸው ገና አንድ ቃል አላወሩም ነበር። ትንሽ ትቆይልኝ ብላ ቀጥታ ወደ ሰማይ ለጋቻት። ኳሷም ቆየችላት።

ዳኛው ዶን ኤውሴቢዮ ነበሩ። በሙያቸው የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሲዳኙም የሚቀመጡት ከክሊኒካቸው በሚያስመጡት የታካሚ ወንበር ላይ ነው። ጋደም ስለሚል ወደ ላይ ለማየት ይመቻል። የደቡቡ አዛዥ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

«ጨዋታው አላለቀም?»

«ኳሷ አልወረደችም።»

«መቼ ትወርዳለች?»

«እሱን የለጋቻትን ይጠይቋት።»

አዛዡ ሬሜዲዮስን ጠየቃት።

«እኔ ለጋኋት እንጂ አልያዝኳትም» አለችው።

አዛዡ ይህንኑ በምሰሶው መካከል ለሰሜኑ አዛዥ ነገረው። ሁለቱም ቃላቸውን የማያጥፉ ሰዎች ስለነበሩ ሕዝቡ አልተበተነም፤ ላሜራውም እንደተቆለለ ዋለ።

እሑድ ኳሷ እዚያው ነበረች። ሰኞም እዚያው። ሰው ከሩቅ መንደር ሁሉ ሊያያት መጣ። እርግብ አረፈችባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ኮረብታ ላይ ወጥተው በመነጽር ያዩ ሰዎች፣ በጣም ቀስ ብላ እንደምትዞር ተናገሩ። አንዱ ወደ ቀኝ ነው አለ፤ ሌላው ወደ ግራ ነው አለ፤ በዚህ ተጣልተው በዚሁ ታረቁ። የሁለቱም አገር ውሾች በጥላዋ ሥር እኩል እየተካፈሉ ይተኙ ነበር።

ሬሜዲዮስ ፋብሪካውን ተወችው። በየጠዋቱ ቤቷ የጋገረችውን ስስ የዱቄት ቂጣ ጠቅልላ በምሰሶው መካከል ለእህቷ ታሾልክላታለች።

«የእማማ ቂጣ እንዲህ አልነበረም» አለች ኦቲሊያ።

«ጨው አነሰው?»

«በዛበት።»

«አንቺ ልጅ፣ ያሳየችኝ እኮ እሷው ራሷ ናት።»

«እንግዲያስ ስታሳይሽ ሌላ ቦታ ታዪ ነበር፣ እትዬ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ኦቲሊያ አለቀሰች። ሬሜዲዮስ እጇን አሾልካ ፊቷን ጠረገችላትና ቀብሩን ከመጀመሪያው ጀምራ አወራችላት፦ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ሳጥኑን ማን እንደተሸከመ፣ እናታቸው የትኛውን ቀሚስ ለብሳ እንደተቀበረች። ኦቲሊያ አንዱንም እንድትዘል አልፈቀደችላትም። እስከ ማታ አወሩ፤ በማግሥቱ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አንድ ቀን ጠዋት ሬሜዲዮስ ጫማዋን ወደ ታች አየችው።

«ተረከዜ መሬት አይነካም» አለች።

«የኔም ከትናንት ጀምሮ ነው» አለች ኦቲሊያ።

ነገሩ ስላላመማቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ኳሷ ትውረድ ተባለ። ጠባቂዎቹ ረጅም እንጨት ሲያመጡ ዶን ኤውሴቢዮ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«በእንጨት አይሆንም። ተራው የሰሜን ነው፤ ተጫዋች በእጁ ይንካት።»

ይህን ጊዜ የሰሜን ተጫዋቾች ሁሉ ወገባቸውን አመማቸው። ያላመመው ዋረን ብቻ ነበር። ዋረን ጡረተኛ ነው፤ የላይም የታችም የሚወልቅ ጥርሱን የሠሩለት ዶን ኤውሴቢዮ ናቸው። ክፉ ሰው አይደለም። መሸነፍ ብቻ አይወድም።

«እኔ እመታታለሁ» አለ። ክሬን ለማግሥቱ ጠዋት ታዘዘ።

ሬሜዲዮስ ፈራች። ኳሷ ከወረደች ላሜራው ይመታል፤ ላሜራው ከተመታ የእህቷን እጅ ዳግመኛ አትይዝም።

«ነገ እጄን አትልቀቂ» አለቻት።

«መቼ ለቅቄሽ አውቃለሁ?» አለች ኦቲሊያ።

በማግሥቱ ዋረን የክሬኑ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ቅርጫቱ መነሣት ሲጀምር ሬሜዲዮስና ኦቲሊያ ከጫማቸው ወጡ። አልዘለሉም። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ፣ አንዷ በምሰሶው በስተደቡብ፣ አንዷ በስተሰሜን፣ ከክሬኑ ትንሽ ፈጠን ብለው ወደ ላይ ሄዱ። ከምሰሶው ጫፍ ሲደርሱ በመካከላቸው ያለው አጥር አለቀ። ዋረን ሲደርስ ኳሷን በመካከላቸው አድርገው ተቃቅፈው አገኛቸው። እጁን ዘረጋ። ዶን ኤውሴቢዮ ከታች ፊሽካ ነፉ።

«ሁለት ተጫዋች መረቡ ላይ አለ። ሦስተኛ አይገባም።»

እንዲህ ያለ ደንብ ከዚያ በፊት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዋረን ግን የዳኛ ቃል ያከብራል፤ ወረደ።

«ምን አየህ?» አለው የሰሜኑ አዛዥ።

«ያወራሉ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጨው።»

አዛዡ ይህን እንዴት አድርጎ ለበላዮቹ እንደሚናገር ግራ ገባው። ዋረን ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና «እኔም ከአጥሩ ወዲያ ማዶ የተቀበረ ወንድም አለኝ» አለ። ከዚያ የጫማውን ክር ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ከሰዓት በኋላ ከበላይ ቁጣ መጣና አዛዦቹ ቃላቸውን አጠፉ። ሠራተኞቹ ላሜራውን አንድ በአንድ እያነሱ መቱት፤ አንዳቸውም ቀና ብሎ አላየም። ሊመሽ ሲል ክፍተት የሚባል ነገር አልቀረም፤ አንድ ብሎን ወልቆ ከወደቀበት ቀዳዳ በስተቀር። ሰዉም ወደየቤቱ ገባ።

ማለዳ ዶን ኤውሴቢዮ ወንበራቸውን ሊያስነሱ ቢመጡ የሚያነሣላቸው ሰው አጡ። ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል፤ ዳቦ ጋጋሪው የለም። ፋርማሲዎቹ ተከፍተዋል፤ የሚሸጥ የለም። ነፋሱ ሌሊቱን ሲነፍስ አድሮ ከተማዋን አቧራ አልብሷታል። በላሜራው ሥር ግን፣ ዓይን እስከሚደርስበት፣ አቧራ ያልነካው ጫማ ጥንድ ጥንዱን ተደርድሯል፤ የፋብሪካ ጫማ፣ የሐኪም ጫማ፣ የጠባቂ ቦቲ። ከላይ፣ ከኳሷ ዘንድ፣ የብዙ ሰው ጨዋታ ይሰማል፤ የሠርግ ቤት ወሬ ከሩቅ ሲሰሙት እንደዚያ ነው።

ዶን ኤውሴቢዮ ወደ ላይ አላዩም። ጎንበስ ብለው ብሎኑ በወደቀበት ቀዳዳ አጮለቁ። ወዲያ ማዶም ጫማ ነው፤ ሁሉም አፍንጫውን ወደ አጥሩ አዙሯል። ከሁሉም ፊት ያለው የዋረን ነው፤ ክሩ በሥርዓት ተፈትቷል፣ ውስጡም ዶን ኤውሴቢዮ የሠሩለት ጥርስ ከላይም ከታችም ተቀምጦ፣ ፈገግ ብሏል።