ስቃዮቹን ወደ ግንቡ አስጠጉ

አባታቸው ሲሞቱ ማተሚያ ቤቱን ለሁለቱ ልጆቻቸው እኩል ትተው ነበር፤ ታላቁ ልጅ ግን ሥራ አስኪያጅነቱን ለብቻው ጠቅልሎ ያዘ። እህቱ ከላቲን ትተረጉማለች፤ እሱ ደግሞ ከተማሪነቱ በተረፈችው እፍኝ ላቲን "ያርማል"።

የድሮ ጦርነት ታሪክ ተርጉማ አስረክባው፣ የታተመውን ገጽ ገልጣ ስታይ ቆሽቷ አረረ። "ወታደሮቹ ስቃዮቹን ወደ ግንቡ አስጠጉ" ይላል። እየተንደረደረች ቢሮው ገባች።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ። ቶርሜንቱም ማለት ስቃይ ነው።"

"ስቃይም ነው። ሥሩ ግን መጠምዘዝ ነው። ገመድ ጠምዝዘው ድንጋይ የሚወረውሩበትንም መሣሪያ ቶርሜንቱም ይሉታል። ሰውን እየጠመዘዙ ማሰቃየቱም ስሙ ያው ነው። ደሞ ስቃይ ምን እግር አለውና ነው ግንብ ሥር የሚጠጋው?"

"አባባ ያሞላቀቀሽ ይበቃል" አለ ቀና እንኳ ሳይል። "ታትሟል፣ አለቀ!"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!" ብላው በሩን ደርግማ ወጣች።

መጽሐፉ የተመረቀ ዕለት አንድ አንጋፋ የታሪክ መምህር ተነሥተው ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቧት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንድምየው ላቡን ጠረገና ድምፅ ማጉያውን ሳበ።

"ትርጉሙ የእህቴ ነው። ሰሞኑን ትዳሯ ፈርሶ አእምሮዋ ተረብሾ ነው የሠራችው፤ ታገሷት።"

እህት ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ትዳሯ መፍረሱን ከእሱና ከእናታቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መድረኩ ላይ ወጥታ ማጉያውን ከእጁ መነተፈችው።

"ትዳሬ ፈርሷል፤ እውነት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ያፈረሰው ግን ይሄ ሰውዬ ነው። እኔ የጻፍኩት 'ድንጋይ መወርወሪያዎቹን' ብዬ ነበር።"

ደጅ ላይ እናትየው ክንዷን ያዟት። "ታላቅሽን በሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂዋለሽ?"

"እማዬ፣ እሱ ገመናዬን ሲዘከዝከው ምነው ዝም አልሽ?"

እናት ክንዷን ለቀቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ጎረምሶች ጠረጴዛዋን ተሸክመው ከኋላዋ ወደ ማተሚያ ቤቱ ቢሮ ገቡ፤ ከወንድሟ ፊት ለፊት አስቀመጡት።

"አብረን አንሠራም!" ብሎ ብድግ አለ።

"ማን አብሬህ ልሥራ አለ? ቤቱ ግን የኔም ነው። ካልተመቸህ አንተ ውጣ።"

አልወጣም። እሷም አልወጣችም። ይኸው እስከ ዛሬ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳይባባሉ ይውላሉ።