የሀፊዛ የማንጎ ፓይ

ሀፊዛ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ፓይ ለባሏ ለያሕያ ልትጋግር ተነሳች። ሊጡን ስትዳምጠው ሦስት ጊዜ ተቀደደባት፤ እየሳቀች ጣጣፈችው። ማንጎውን ሞልታ፣ በሌላ ሊጥ ከድና የኤሌክትሪክ ምድጃው ውስጥ ልትከተው ስትል መብራት ጠፋ። ትሪውን ታቅፋ በደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ሮጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት ዳቦ ጋጋሪው ባየው።

«ፓይ ነው! ጋሽ ባየው፣ እባክህ የእንጨት ምድጃህ ውስጥ አስገባልኝ።»

ፓዩ ወርቅ መስሎ፣ ማንጎው በስንጥቁ እየተንተከተከ ወጣ። ዳቦ ሊገዙ የመጡት ሁሉ ከበቡት።

«እስቲ አቅምሺን!»

ሀፊዛ በደስታ ፈንድቃ ለሁሉም ቆረሰች። ቤቷ ስትደርስ የተረፈው አንድ ቁራሽ ብቻ ነበር።

ያሕያ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ሌላውስ?»

«ሰፈሩ በላው!» አለችና ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች።